ከ«ተንቀጥቃጭ ሽባነት» እስከ «ካልሲየም ቦይ»፦ የእንቅስቃሴ መታወክ ጥናት በስያሜዎቹ ታሪክ

1. መነሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለደም ግፊት ሕመምተኞች የሚታደል አንድ የማብራሪያ ወረቀት ወደ አማርኛ እንድመልስ ተጠይቄ ነበር። በወረቀቱ ከተዘረዘሩት መድኃኒቶች የአንደኛውን ወገን ስም «ካልሲየምን የሚጻረር መድኃኒት» ብዬ ተረጐምሁት። ትርጕሙ ቃል በቃል ትክክል መሆኑንም መዝገበ ቃላት ገልጬ አረጋገጥሁ። ወረቀቱ ከታደለ በኋላ በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤቴ አንብበውት ኖሮ፣ «ልጄ፣ ሐኪሙ ‹ለአጥንትዎ ወተት ይጠጡ› ይለኛል፤ ይኸ ወረቀት ደግሞ መድኃኒቱ ካልሲየምን ይጻረራል ይላል። ታዲያ የቱን ልተው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ወዲያው የምሰጣቸው መልስ አልነበረኝም።

በኋላ እንደተረዳሁት መድኃኒቱ ከአጥንትም ሆነ ከወተት ካልሲየም ጋር ጠብ የለውም። የሚሠራው ካልሲየም ወደ ልብና ወደ ደም ሥር ጡንቻ ሕዋሳት የሚገባበትን መተላለፊያ በማጥበብ ነው። እኔ የተረጐምሁት ግን መተላለፊያው ከመታወቁ በፊት የወጣውን የጥንቱን ስም ነበር። ስለዚህ ስሕተቱ ከመዝገበ ቃላቱ ሳይሆን የስሙን ታሪክ ካለማወቅ የመጣ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ታሪክ በአንድ የጥናት መስክ ተከትሎ ማሳየት ነው። መስኩ በካልሲየም ቦዮችና በዶፓሚን መልእክት መካከል ያለው ግንኙነት በአይጦች ላይ የእንቅስቃሴ መታወክን እንዴት እንደሚያስከትል የሚመረመርበት ነው። ይህን የመረጥሁት እያንዳንዱ ስያሜ የተሰጠበት ጊዜና ምክንያት በግልጽ ስለሚታወቅና ዛሬም በተርጓሚዎች እጅ ብዙ የሚጣመሙ ቃላት ስላሉበት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

2. የበሽታው ስም

የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 ዓ.ም. አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ የገለጻቸው ሕመምተኞች 6 ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹን ያያቸው በመንገድ ላይ ሲያልፉ ነበር። በሽታውን «ተንቀጥቃጭ ሽባነት» ሲል ሰየመው። ስሙ ሁለት ቃላት ቢኖሩትም ሁለቱም ሙሉ በሙሉ እውነት አልነበሩም። የፓሪሱ ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ እንዳስተዋለው፣ ሕመምተኛው ዝግ ይላል፣ ይገትራል እንጂ ሽባ አይሆንም፤ ደግሞም የማይንቀጠቀጡ ሕመምተኞች አሉ። በዚህ ምክንያት ሻርኮ ገላጩ ስም ቀርቶ በሽታው በመጀመሪያው ጸሐፊ ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ። «የፓርኪንሰን በሽታ» የሚለው ስያሜ የጸናው ከዚህ በኋላ ነው።

ለስያሜ ሠራተኞች ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ገላጭ ስም ለአንባቢ ቅርብ ቢሆንም በጊዜው የነበረውን ዕውቀት ጉድለትም ተሸክሞ ይሄዳል። በአማርኛም ቢሆን «የሚያንቀጠቅጥ በሽታ» ብንል ሰሚው በመጀመሪያ የሚያስበው ወባን ነው። የሰው ስም ምንም ባይገልጽም አያሳስትም። ስለዚህ «የፓርኪንሰን በሽታ» የሚለውን እንዳለ መያዝ ይሻላል።

ይሁን እንጂ አማርኛ ለምልክቶቹ የቃል ድኽነት የለበትም። መንቀጥቀጥ፣ መገተር፣ መንቀርፈፍ፣ መንገዳገድ፣ መብረክረክ፣ መወራጨት፣ መጠማዘዝ፣ ባሉበት ደርቆ መቅረት፣ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ናቸው፤ በሕክምናም ሊለዩ ይገባቸዋል። ተርጓሚው ሁሉንም «መንቀጥቀጥ» በሚለው አንድ ቃል ቢጠቀልላቸው በመነሻው ጽሑፍ የተለዩትን ሕመሞች መልሶ ይቀላቅላቸዋል።

3. ዶፓሚን፦ ከባቄላ የወጣ ስም

ዶፓሚን በቤተ ሙከራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው በ1910 ዓ.ም. ነው፤ ጆርጅ ባርገርና ጄምስ ዩየንስ በለንደን ሠሩት። በዚያን ጊዜ አንጎል ውስጥ ይገኛል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ከ3 ዓመት በኋላ በባዝል ከተማ ይሠራ የነበረው ማርኩስ ጉገንሃይም የዶፓሚን እናት የሆነውን ዶፓን ከባቄላ አውጥቶ አነጠረው። ባቄላው እኛም አገር በሽሮና በሹሮ ወጥ፣ በእልበትና በቆሎ መልክ ዘወትር የምንመገበው ያው ባቄላ ነው። ጉገንሃይም ከንጥሩ 2.5 ግራም ራሱ ቢውጥ ክፉኛ አስታወከው፤ ይሁንና ጥቅም ያለው ነገር ነው ብሎ አልገመተም።

«ዶፓ» የሚለው ቃል ሥር ያለው ቃል አይደለም። የረጅም ኬሚካዊ ስም ክፍሎች የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥመው የወጣ ነው። ከዶፓ የሚገኘው ንጥረ ነገር ግን ለብዙ ጊዜ ሌላ የተንዛዛ ስም ነበረው። «ዶፓሚን» የሚለውን አጭር ስያሜ ያቀረበው እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል በ1952 ዓ.ም. ነው። አዲሱ ስም አሮጌውን ቶሎ አላስለቀቀውም፤ በ1960 ዓ.ም. በቪየና የታተመው ታላቁ ጥናት በርእሱ ላይ ሁለቱንም ስሞች ጐን ለጐን ለማስቀመጥ ተገድዷል።

በዚህ መካከል ዋናው ግኝት ተገኝቶ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሶንና ባልደረቦቹ ለጥንቸሎችና ለአይጦች ሬሰርፒን የተባለ ከዕፅ የሚወጣ መድኃኒት ሰጡ። እንስሳቱ ደርቀው ባሉበት ቀሩ። ዶፓ ሲወጉ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተነሥተው መንቀሳቀስ ጀመሩ። በማግሥቱ ዓመት ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ መኖሩን አስረዱ። ቀጥሎም በቪየና ኸርበርት ኤሪንገርና ኦሌ ሆርኒኪየቪች በፓርኪንሰን በሽታ የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው ዶፓሚን እጅግ ጐድሎ አገኙት። በ1961 ዓ.ም. ሆርኒኪየቪችና ቨልተር ቢርክማየር ዶፓን ለሕመምተኞች ወጉ፤ በ1967 ዓ.ም. ጆርጅ ኮትዚያስ በአሜሪካ ዶፓ በአፍ በብዛት ሲሰጥ ዘላቂ ለውጥ እንደሚያመጣ አሳየ። ካርልሶን በ2000 ዓ.ም. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ከዚህ ታሪክ እንደምንረዳው ዶፓሚን ወደ ዕውቀት ዓለም የገባው በእንቅስቃሴ በር ነው። ዛሬ ግን በብዙ የአማርኛ ጽሑፎች «የደስታ ንጥረ ነገር» ወይም «የደስታ ሆርሞን» እየተባለ ይተረጐማል። ዶፓሚን ከመሻትና ከሽልማት ስሜት ጋር ግንኙነት ያለው መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ሐረግ እንደ ስም ከተወሰደ፣ «አባትዎ የሚንቀጠቀጡት ዶፓሚን ስላነሳቸው ነው» የተባለ ቤተሰብ በሽታው ከኀዘን የመጣ ይመስለዋል፤ መድኃኒቱን ትቶ ሽማግሌውን ማጽናናት ይይዛል። ስለዚህ «ዶፓሚን» በውሰት ቃልነቱ ይቈይ፤ ማብራሪያ ካስፈለገም «በነርቭ ሕዋሳት መካከል መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር» ይባል።

4. የትኛው አይጥ?

አማርኛ «አይጥ» እና «አይጠ መጎጥ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት። በዕለት ንግግር ብዙ ጊዜ ሁለቱም «አይጥ» ይባላሉ። በዚህ መስክ ግን መቀላቀላቸው ትርጕም ያፋልሳል። ጥንቸል ደግሞ ከነጭራሹ ከአይጥ ወገን አይደለችም፤ ስለዚህ የካርልሶንን ጥናት «በአይጦች ላይ የተደረገ» ብሎ ማለፍ ግማሹን እውነት መጣል ነው።

በ1968 ዓ.ም. ኡርባን ኡንገርስቴት በስቶክሆልም የዶፓሚን ሕዋሳትን የሚገድል መርዝ በአይጠ መጎጥ አንጎል ውስጥ ጨመረ። መርዙ በአንድ ወገን ብቻ ሲጨመር እንስሳው ባለበት ይሽከረከራል፤ የሚዞርበት አቅጣጫና የዙሩ ቍጥር የዶፓሚንን ጉድለት ይለካል። አምፌታሚን ሲሰጠው ወደ ተጐዳው ወገን ይዞራል፤ ዶፓሚንን ተክቶ የሚሠራውን አፖሞርፊን ሲሰጠው ደግሞ በተቃራኒው። ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል።

ሁለተኛው መርዝ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በ1982 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በሕገ ወጥ መንገድ የተሠራ አደንዛዥ ዕፅ የወሰዱ ወጣቶች በቀናት ውስጥ እንደ ሽማግሌ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ገትረው ተገኙ። ምክንያቱ በዕፁ ውስጥ የተቀላቀለ ኤምፒቲፒ የተባለ ንጥረ ነገር መሆኑን ዊልያም ላንግስተንና ባልደረቦቹ በ1983 ዓ.ም. አስታወቁ። ይህ መርዝ የአይጥን የዶፓሚን ሕዋሳት ይገድላል፤ አይጠ መጎጥ ግን በአብዛኛው ይቋቋመዋል። እንግዲህ ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራ ተርጓሚ፣ «መርዙ አይጦችን ይጐዳል» እና «መርዙ አይጦችን አይጐዳም» የሚሉ ሁለት እውነተኛ ዐረፍተ ነገሮችን እርስ በርስ የሚጋጩ ያስመስላቸዋል።

5. ካልሲየም፦ ከኖራ እስከ ቦይ

ካልሲየምን በ1808 ዓ.ም. ለይቶ ያወጣው ሀምፍሪ ዴቪ ነው። ስሙ የተወሰደው ኖራ የሚል ትርጕም ካለው የላቲን ቃል ነው። በዚህም የተነሣ ስሙ ለረጅም ዘመን ከድንጋይና ከአጥንት ጋር ተቈራኝቶ ኖሯል፤ ጎረቤቴ ስለ አጥንታቸው መጠየቃቸው አያስገርምም። በሕያው ሕዋስ ውስጥ ሌላ ሥራ እንዳለው የታወቀው በ1883 ዓ.ም. ነው። ሲድኒ ሪንገር የእንቍራሪት ልብ በጨው ውኃ ውስጥ ሲመታ ይመለከት ነበር። ውኃው ንጹሕ የተጣራ ሲሆን ልቡ ቆመ። ቀድሞ ልቡ ይመታ የነበረው ውኃው ከለንደን የቧንቧ ውኃ ስለተቀዳና በውስጡ ካልሲየም ስለነበረበት መሆኑን ሪንገር ተረዳ።

በ1953 ዓ.ም. ፖል ፋትና በርናርድ ካትስ በሸርጣን ጡንቻ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ሶዲየም ሳይኖርም የኤሌክትሪክ ምልክት እንደሚፈጠር አዩ። ከ5 ዓመት በኋላ ምልክቱን የሚሸከመው ካልሲየም መሆኑ ታወቀ። ካትስና ሪካርዶ ሚሌዲ በ1960ዎቹ፣ አንዱ ነርቭ ለሌላው መልእክተኛውን ንጥረ ነገር የሚለቀው ካልሲየም ሲገባ መሆኑን አስረዱ። በዚያው ዘመን አልብሬክት ፍሌከንስታይን በፍራይቡርግ አንዳንድ መድኃኒቶች ልብን ካልሲየም የተነፈገ ያህል እንደሚያደክሙ አይቶ «የካልሲየም ተጻራሪዎች» አላቸው። በጊዜው ከሚታየው ነገር አንጻር ስሙ ትክክል ነበር። መድኃኒቶቹ የሚይዙት መተላለፊያውን መሆኑ ሲታወቅ «የካልሲየም ቦይ ዘጊዎች» የሚለው ስም መጣ፤ የቀድሞው ስም ግን ሳይሻር ቀረ። እኔን ያሳሳተኝ ይኸው ነው።

መተላለፊያው አንድ ዐይነት እንዳልሆነ ደግሞ ቀስ በቀስ ታወቀ። በ1985 ዓ.ም. ማርታ ኖውኪ፣ አሮን ፎክስና ሪቻርድ ቺየን ሦስት ዐይነቶችን ለይተው በፊደል ሰየሟቸው። «ኤል» ለረጅም ጊዜ ክፍት የሚቈየው ነው፤ «ቲ» ቶሎ የሚዘጋው ነው፤ «ኤን» ደግሞ ከሁለቱ አንዱንም ያልሆነው ነው። በትንሹ አንጎል ፑርኪንየ ሕዋሳት የተገኘው በሕዋሱ ስም «ፒ» ተባለ፤ «ኪው» እና «አር» ተከተሉ። ፊደላቱ የተመረጡበት መመዘኛ የተለያየ ስለነበረ ሥርዓቱ ተወሳሰበ። በመጨረሻ በ2000 ዓ.ም. ሊቃውንቱ በዘር ቅንብር ላይ የተመሠረተ የቍጥር ስያሜ አወጡ፤ የኤል ወገን ካቭ 1፣ የፒ፣ የኤንና የመሰሎቻቸው ወገን ካቭ 2፣ የቲ ወገን ካቭ 3 ተባለ። ያም ሆኖ የፊደል ስሞቹ እስከ ዛሬ በጽሑፍ ላይ ይገኛሉ።

6. በአካሄዳቸው የተሰየሙ አይጦች

በአሜሪካ በጃክሰን ቤተ ሙከራ ያደጉ አንዳንድ አይጦች ከወላጆቻቸው የተለየ አካሄድ ይዘው ይወለዱ ነበር። ተመራማሪዎቹ የበሽታውን ምክንያት ስለማያውቁ፣ ገበሬ ከብቱን በመልኩና በአመሉ ስም እንደሚያወጣለት፣ እነርሱም አይጦቹን በአካሄዳቸው ሰየሟቸው። በ1962 ዓ.ም. ማርጋሬት ግሪንና ሪቻርድ ሲድማን የገለጿት አይጥ «ተንገዳጋጅ» ተባለች። ይህች አይጥ ዘወትር ከመንገዳገዷ ሌላ፣ አልፎ አልፎ የሚነሣ የመጠማዘዝና የመወራጨት ሕመም አለባት፤ ከኋላ እግሮቿ ይጀምርና ወደ ሌላው አካሏ ይዛመታል። ወደ አዲስ ጎጆ መዛወር፣ አልኮልና በቡና ውስጥ የሚገኘው ካፌን ሕመሙን ይቀሰቅሱታል። ሌላዋ ወደ ጐን የምታዘነብል ስለሆነች «ዘማሚ»፣ ሦስተኛዋ «ፈዛዛ» ተባሉ።

«ተንገዳጋጅ» እና «ዘማሚ» ሁለት በሽታዎች ይመስሉ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ግን በአንድ ዘር ላይ የደረሱ ሁለት ለውጦች መሆናቸው ተረጋገጠ። ነገሩ በመዝገበ ቃላት ሁለት ዋና ቃል ተደርገው የተመዘገቡ ቃላት ከአንድ ግሥ የወጡ ሆነው ሲገኙ ማለት ነው። ዘሩ ምን እንደሆነ የታወቀው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ የካልሲየም ቦይ መሥሪያ፣ በተለይም የፒና የኪው ዐይነት ዋና ክፍል፣ ዛሬ ካቭ 2.1 የሚባለው ሆነ። በዚያው ዓመት በሰው ላይም በዚሁ ዘር ለውጥ የሚመጡ በዘር የሚተላለፍ የራስ ምታት ዐይነትና አልፎ አልፎ የሚነሣ የመንገዳገድ ሕመም ታወቁ። «ፈዛዛ»ዋም በማግሥቱ ዓመት የዚሁ ቦይ አጋዥ ክፍል ጉድለት እንዳለባት ተገኘ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የኤል ዐይነት ቦይ ዘጊ መድኃኒቶች የተንገዳጋጇን አይጥ ድንገተኛ ሕመም እንደሚከለክሉ ታየ። አንዱ ቦይ ሲደክም ሌላው ከልኩ አልፎ እንደሚሠራ ይህ ያመለክታል።

7. የሁለቱ መገናኛ

በአንጎል ውስጥ እንቅስቃሴን ከሚመሩት ክፍሎች አንዱ ዶፓሚን በብዛት የሚፈስበት ባለመስመሩ ክፍል ነው። ጆን ከባቢያንና ዶናልድ ካልን በ1979 ዓ.ም. የዶፓሚን ተቀባዮችን ዲ1 እና ዲ2 ብለው ለዩ። በባለመስመሩ ክፍል ዲ1 ያላቸው ሕዋሳት እንቅስቃሴን ያግዛሉ፤ ዲ2 ያላቸው ይገታሉ። ዶፓሚን የመጀመሪያዎቹን ያበረታል፣ የኋለኞቹን ያለዝባል። ይህንንም ከሚያደርግባቸው መንገዶች አንዱ የካልሲየም ቦይ ነው፤ በዲ1 በኩል በኤል ዐይነት ቦይ የሚገባውን ካልሲየም ያበዛል፣ በዲ2 በኩል ይቀንሳል። ዶፓሚን ሲጠፋ ታዲያ በዲ2 ሕዋሳት ላይ ያለው ልጓም ይላላል። በ2006 ዓ.ም. የጄምስ ሰርማየር ባልደረቦች ዶፓሚን ባጡ አይጦች እነዚህ ሕዋሳት ከሌሎች ነርቮች ጋር የሚገናኙባቸውን ነጥቦች እንደሚያጡ፣ ለዚህም ካቭ 1.3 የተባለው ቦይ ምክንያት እንደሆነ አሳዩ።

በ2007 ዓ.ም. ከዚያው ወገን ሌላ ጥናት ወጣ። ዶፓሚን የሚያመነጩት ሕዋሳት ቀስቃሽ ሳይሹ በራሳቸው ምት ይሠራሉ፤ በእያንዳንዱ ምት ካልሲየም በካቭ 1.3 ይገባል፤ ያን መልሶ ማውጣት ሕዋሱን ያደክመዋል። ኢስራዲፒን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ሲሰጥ የአይጦቹ ሕዋሳት ከኤምፒቲፒ መርዝ ተጠበቁ። ለፓርኪንሰን ሕመምተኞች ትልቅ ተስፋ ሆነ። ነገር ግን 336 ሕመምተኞች ለ3 ዓመት ተከታትለው የተመረመሩበትና ውጤቱ በ2020 ዓ.ም. የታተመው ጥናት፣ መድኃኒቱ የበሽታውን ግስጋሴ እንዳላዘገየው አስታወቀ።

እዚህ ላይ የተርጓሚ ኀላፊነት በአንድ ግሥ ላይ ይወድቃል። «መድኃኒቱ የአይጦችን ሕዋሳት ከመርዝ ጠበቀ» ማለት አንድ ጊዜ የታየ ነገር መናገር ነው። «መድኃኒቱ የአንጎል ሕዋሳትን ይጠብቃል» ማለት ግን ለሁሉ ጊዜና ለፍጡር ሁሉ የሚሆን ሕግ ማውጣት ነው። በአማርኛ የኀላፊና የትንቢት ግሥ ልዩነት ጥቂት ፊደል ብትሆንም በሕመምተኛው ተስፋ ላይ የምትጥለው ሸክም ከባድ ነው።

8. የስያሜ ሐሳብ

ለካልሲየም መተላለፊያ ሦስት ቃላት ሊታሰቡ ይችላሉ። «ቻናል» በአማርኛ የቴሌቪዥን መስመር ሆኗል። «በር» መከፈቱንና መዘጋቱን ቢያሳይም ፍሰቱን አያሳይም፤ ደግሞም የመተላለፊያው መዝጊያ ክፍል ለብቻው ስም ስለሚሻ «በር» ለእርሱ ይቀመጥ። ሦስተኛው «ቦይ» ነው። አንዳንዶች ቦይ ሁልጊዜ ክፍት ነው በማለት ይቃወማሉ። ነገር ግን የመስኖ አገር ሰው የሚያውቀው ቦይ እንዲህ አይደለም፤ የውኃ አባቱ ተራ ሲደርስ በጓል የተደፈነው አፍ ይከፈታል፣ ተራው ሲያልፍ ተመልሶ ይደፈናል። ሕዋሱም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ለውይይት አቀርባለሁ፦ «የካልሲየም ቦይ»፤ «በኤሌክትሪክ ልዩነት የሚከፈት ቦይ»፤ «የካልሲየም ቦይ ዘጊ» (የቀድሞው «የካልሲየም ተጻራሪ» በታሪካዊ ጽሑፍ ብቻ ይነገር)፤ «የዶፓሚን ተቀባይ»፤ «የዶፓሚን መልእክት»፤ «አይጥ» እና «አይጠ መጎጥ» ተለይተው። የፊደልና የቍጥር ስሞች፣ ማለት ኤል፣ ቲ፣ ካቭ 1.3፣ ዲ2፣ ሳይተረጐሙ ይያዙ። የአይጦቹ ስሞች ግን ከዐይን እይታ የወጡ ስለሆኑ «ተንገዳጋጅ»፣ «ዘማሚ»፣ «ፈዛዛ» ተብለው ቢተረጐሙ አንባቢ ይጠቀማል እንጂ አይጐዳም።

የማብራሪያ ወረቀቱ በሚቀጥለው እትሙ «ካልሲየም ወደ ልብና ወደ ደም ሥር ጡንቻ የሚገባበትን ቦይ የሚያጠብብ መድኃኒት» ተብሎ ተስተካክሏል። ረዝሟል፤ ጎረቤቴ ግን አንብበው ሲጨርሱ ስለ ወተቱ ዳግም አልጠየቁኝም። ከዚህ ያጠረና የጠራ ቃል ያለው አንባቢ ቢኖር ለዝግጅት ክፍሉ እንዲልክ በአክብሮት እጠይቃለሁ።